የሞተር ሳይክል ስሮትል ቦዲ በአነስተኛ የስፖርት መኪና ሞተር ላይ፦ ከአማራጮቹ የትኛው ለማን ይሆናል?

ለእያንዳንዱ የሞተር ሲሊንደር የራሱን ስሮትል (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚከፍትና የሚዘጋ በር) የመስጠት ሐሳብ አዲስ አይደለም። ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው የመጀመሪያው ኤም3 አራት ስሮትል ይዞ ነው ከፋብሪካ የወጣው፤ ቶዮታም ከ1991 ጀምሮ ባለ 20 ባልቦላውን 4ኤ-ጂኢ ሞተር በዚሁ መንገድ ሠርቶታል። የፋብሪካ መሐንዲሶች በእነዚህ ሞተሮች ላይ የጨረሱትን ሥራ በራሱ መኪና ላይ ለመድገም የሚነሣ ሰው ግን ከአራት መንገዶች አንዱን መምረጥ ይኖርበታል። ነባሩን ነጠላ ስሮትል ይዞ መቆየት፣ ያገለገለ የሞተር ሳይክል ስሮትል ቦዲ (ስሮትሉን ከነቤቱ) መግጠም፣ ለመኪና ተብሎ የተሠራ አዲስ ስብስብ መግዛት፣ ወይም የሞተር ሳይክል ካርቡሬተር መጠቀም ይችላል።

ብዙ ሰው የሞተር ሳይክሉን መንገድ የሚመርጠው ዋጋውን አይቶ ነው። በእርግጥም በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ ያገለገለ ስብስብ ለመኪና ከተሠራ አዲስ ስብስብ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ርካሽ ነው። ነገር ግን ከግዢው የተረፈው ገንዘብ በማኒፎልድ (አየሩን ከስሮትሉ ወደ ሞተሩ የሚያደርሱት ቱቦዎች) ሥራ፣ በማገናኛ፣ በነዳጅ መስመርና በሞተሩ ኮምፒዩተር ማስተካከያ መልሶ ይወጣል። ስለዚህ ከዋጋው ይልቅ መጠየቅ ያለበት ይህን ቀሪ ሥራ ማን ይሠራዋል የሚለው ነው፤ ብየዳውንና ማስተካከያውን በራሱ የሚሠራ ሰውና ሁሉንም ለጋራዥ የሚሰጥ ሰው ለተመሳሳይ መኪና የተለያየ መልስ ላይ መድረሳቸው ትክክል ነው።

ለውጡ የሚሰጠውና የማይሰጠው

በነጠላ ስሮትል ሞተር ላይ ቢራቢሮው (በስሮትሉ ውስጥ የሚዞረው ክብ ክዳን) ሲከፈት አየሩ አስቀድሞ የጋራ ማጠራቀሚያውን ክፍል ይሞላል፤ ወደ ባልቦላዎቹ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ቢራቢሮው ወደ ባልቦላው ሲቀርብ በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተት ስለሚያንስ ሞተሩ ለፔዳሉ የሚሰጠው ምላሽ ይፈጥናል። ሁለተኛው ጥቅም የሚታየው ባልቦላዎችን ለረጅም ጊዜ ከፍቶ የሚያቆይ ካምሻፍት በተገጠመበት ሞተር ላይ ነው። በዚህ ዓይነት ሞተር ላይ የማስገቢያውና የማስወጫው ባልቦላዎች አብረው ክፍት የሚሆኑበት ጊዜ ስለሚረዝም፣ በዝቅተኛ ዙር የተቃጠለ ጋዝ ወደ ማስገቢያው ይመለሳል፤ ቱቦዎቹ በአንድ ክፍል የሚገናኙ ከሆነም የአንዱ ሲሊንደር ጋዝ የሌላውን አየር ይበክላል፣ ሚኒሞውም (ፔዳሉ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዙር) ይዛባል። እያንዳንዱ ሲሊንደር በራሱ ቢራቢሮ ሲለያይ ይህ መበካከል በእጅጉ ይቀንሳል።

የማይሰጠው ደግሞ፣ ካምሻፍቱና ቴስታታው (ባልቦላዎቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) እንደ ነበሩ በቆዩበት ሞተር ላይ፣ ብዙ ሰው የሚጠብቀው የፈረስ ጉልበት ነው። የፋብሪካው ማኒፎልድ ረጅም ቱቦዎች ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። የማስገቢያው ባልቦላ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚፈጠረው የግፊት ሞገድ በቱቦው ውስጥ ሄዶ ይመለሳል፤ የሚመለስበት ጊዜ ከባልቦላው መዘጋት በፊት ከሆነ ተጨማሪ አየር ይዞ ይገባል። ከባልቦላው እስከ ጥሩምባው (አየሩ የሚገባበት የቱቦው ሰፊ ጫፍ) አፍ ያለው ርዝመት 35 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ድምፅ በሴኮንድ ወደ 340 ሜትር እንደሚጓዝ ወስደን ስናሰላ፣ ሞገዱ ደርሶ ለመመለስ ወደ 2 ሚሊ ሴኮንድ ይፈጅበታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ክራንክሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) በደቂቃ 7,000 ዙር ላይ 86 ዲግሪ ገደማ ሲዞር፣ በ5,000 ዙር ግን 62 ዲግሪ ገደማ ብቻ ይዞራል። ስለዚህ አንድ ርዝመት ሁሉንም ዙር ሊያገለግል አይችልም፤ ቱቦውን እጅግ ያሳጠረ ሰው የዕለት መንዳት የሚሠራበትን የመካከለኛ ዙር ጉልበት ሰጥቶ ሞተሩ እምብዛም በማይደርስበት ዙር ላይ ጥቂት ይቀበላል። ዓላማው ጉልበት ብቻ ከሆነ ካምሻፍቱ፣ ማርሚታውና የቴስታታው ሥራ መቅደም አለባቸው፤ አራቱ ስሮትሎች ዋጋቸውን የሚያሳዩት እነዚህ ከተሠሩ በኋላ ነው።

የየትኛው ሞተር ሳይክል?

የሞተር ሳይክል ስሮትል ለመኪና ያንሳል የሚለው ሥጋት መሠረት እንደሌለው ቀላል ስሌት ያሳያል። ባለ 1000 ሲሲ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ሳይክል እያንዳንዱ ሲሊንደሩ 250 ሲሲ ነው። በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ስለሚሞላ፣ በ11,000 ዙር ሙሉ በሙሉ ሞላ ብንል አንዱ ሲሊንደር በደቂቃ 1,375 ሊትር አየር ይስባል። ባለ 1.6 ሊትር የመኪና ሞተር ሲሊንደሩ 400 ሲሲ ሆኖ በ7,000 ዙር 1,400 ሊትር ይስባል። ሁለቱ የሚቀራረቡ ናቸው። በዚሁ ስሌት ባለ 1300 ሲሲው ሱዙኪ ሃያቡሳ በ9,800 ዙር 1,590 ሊትር ገደማ ሲስብ፣ ባለ 2 ሊትር የመኪና ሞተር በ6,500 ዙር 1,625 ሊትር ይስባል። የ600 ሲሲ ሞተር ሳይክል ደግሞ በ13,000 ዙር ወደ 975 ሊትር ላይ ይቆማል፤ ይህ መጠን ባለ 1.6 ሊትሩ ሞተር 4,900 ዙር ሳይደርስ የሚያልፈው ቢሆንም፣ የሞተር ሳይክል አምራቾች ስሮትሉን ሰፋ አድርገው ስለሚሠሩት ካምሻፍቱ ባልተነካ ሞተር ላይ የሚያስቸግር ጠባብነት አይታይበትም።

ከስፋቱ አንጻር፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ሆንዳ ሲቢአር600አርአር 40 ሚሜ፣ የ2001 ሱዙኪ ጂኤስኤክስ-አር1000 42 ሚሜ፣ የ2004 ሆንዳ ሲቢአር1000አርአር 44 ሚሜ፣ የ2004 ያማሃ አር1 45 ሚሜ፣ የመጀመሪያው ትውልድ ሃያቡሳ ደግሞ 46 ሚሜ ናቸው። ትልቁን መምረጥ ፈታኝ ነው፤ እኔ ግን ለመንገድ መኪና ከሁለት መካከል የሚያመነታ ሰው አነስተኛውን እንዲወስድ እመክራለሁ። ምክንያቱ የስፋት ድምር ነው። አንድ 55 ሚሜ ስሮትል ወደ 2,380 ካሬ ሚሊ ሜትር ክፍት ሲኖረው፣ አራት 42 ሚሜ ስሮትሎች ወደ 5,540 ካሬ ሚሊ ሜትር አላቸው፤ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ፔዳሉ ጥቂት ሲረገጥ ብዙ አየር ይገባል፣ በዝቅተኛ ዙር ከሩብ በላይ የሆነው የፔዳል ጉዞ ምንም የማይጨምር ይሆናል፣ በጠባብ ቦታ ቀስ ብሎ መንዳትም አድካሚ ይሆናል።

ከስፋቱ ይልቅ ደግሞ ዓይነቱ ብዙ ችግር ያመጣል። ከ2000 በኋላ የወጡ ብዙ የሱዙኪ ስሮትሎች በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለት ቢራቢሮ አላቸው፤ የላይኛውን የሚያዘው ኮምፒዩተሩ በትንሽ ሞተር አማካይነት ስለሆነ፣ በመኪና ላይ ሲገጠም የላይኛው ቢራቢሮና ዘንጉ ወጥተው የዘንጉ ቀዳዳዎች መደፈን አለባቸው። የ2002 እና የ2003 ያማሃ አር1 በቫኪዩም ከፍ የሚል ተንሸራታች ፒስተን ከቢራቢሮው ጋር አለው፤ ይህ ፔዳሉን ቢያለሰልስም የኮምፒዩተሩን ማስተካከያ ያወሳስባል። የ2006 ያማሃ አር6 እና የ2007 አር1 ደግሞ ቢራቢሮአቸውን የሚከፍተው ኬብል ሳይሆን በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ሞተር ነው። ይህን መቆጣጠር የሚችል የመኪና ኮምፒዩተር ቢኖርም፣ ሥራውን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሰው የሚመከር አይደለም። በኬብል የሚሠራ፣ በአንድ ቀዳዳ አንድ ቢራቢሮ ያለው ስብስብ ራስ ምታቱ ያነሰ ነው።

ያገለገለ ስብስብ ሲመረመር መጀመሪያ መታየት ያለበት የዘንጉ መላላት ነው። ዘንጉ በእጅ ተይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቀነቅ የሚሰማ ንቅናቄ ካለ፣ አየር በዘንጉ ዙሪያ ስለሚገባ ሚኒሞው በምንም ማስተካከያ አይረጋም። በፋብሪካ በቀለም የታሸጉ የቢራቢሮ ማቆሚያ ብሎኖች ተነክተው ከሆነም አራቱን ማመሳሰል አድካሚ ይሆናል።

ማኒፎልዱ

የሥራው እጅግ ከባዱ ክፍል እዚህ ላይ ነው። የሞተር ሳይክል ሲሊንደሮች ጠበብ ብለው ስለሚቀመጡ ስሮትሎቹም ይቀራረባሉ፤ የመኪናው የቴስታታ ቀዳዳዎች ግን በአብዛኛው ይራራቃሉ። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ስሮትሎቹን ነጣጥሎ በመኪናው ልክ ማራራቅ ሲሆን፣ የሚቻለው ስሮትሎቹ አንድ በአንድ ተሠርተው በብሎን የተያያዙ ሲሆኑ ብቻ ነው። ሁለት ሁለት ሆነው እንደ አንድ ዕቃ የተሠሩ ስብስቦች ከመሃል ብቻ ይራራቃሉ። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ፎቶግራፍ ሳይሆን ዕቃውን ራሱን ማየት ይገባል። ሁለተኛው መፍትሔ ስሮትሎቹን እንደ ነበሩ ትቶ የማኒፎልዱን ቱቦዎች ወደ መሃል ማጠፍ ነው። የዘንጉ ማገናኛና የነዳጅ ሐዲዱ (ነዳጁን ለሚረጩት ኢንጀክተሮች የሚያከፋፍለው ቱቦ) ሳይነኩ ስለሚቀሩ ሥራው ይቀላል፤ በአንጻሩ የዳርና የመሃል ቱቦዎች ርዝመትና መጠምዘዝ ይለያያል። ለስፖርት ውድድር ላልተዘጋጀ ሞተር ልዩነቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር እስከሆነ ድረስ ይህን ችግር ብዬ አልቆጥረውም።

ማኒፎልዱን ከባዶ ከመሥራት ይልቅ የፋብሪካውን ማኒፎልድ ከቴስታታው አቅራቢያ ቆርጦ በቀሪው አጭር ክፍል ላይ መሥራት ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው። ከቴስታታው ጋር የሚገናኘው ፊት ልክ ነው፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ ልክ ናቸው፣ በብዙ ሞተሮች ላይ ደግሞ የኢንጀክተሩ መቀመጫ እዚያው ስለሆነ የመኪናው ኢንጀክተርና የነዳጅ ሐዲድ ባሉበት ይቆያሉ። ከዚያ ወደ ስሮትሉ የሚደርሰው አጭር የአሉሚኒየም ቱቦ ተበይዶ ውስጡ ያለ ደረጃ ይለሰልሳል። ከብየዳ በኋላ የማኒፎልዱ ፊት ስለሚጎብጥ በማሽን መስተካከል አለበት፤ ይህን የዘለለ ሰው ጋርኒሲዮኑን በቀየረ ቁጥር አየር ሲያስገባበት ይኖራል።

ስሮትሉንና ማኒፎልዱን የሚያገናኘው ላስቲክ የሞተር ሳይክሉ የራሱ መያዣ ወይም ጠንካራ የሲሊኮን ቱቦ ሊሆን ይችላል። የሲሊኮን ቱቦ ቤንዚን ሲነካው ስለሚያብጥ፣ ኢንጀክተሩ ከቱቦው በላይ በስሮትሉ ውስጥ ከሆነ ለነዳጅ የሚሆን ሽፋን ያለው ዓይነት መመረጥ አለበት። ላስቲኩ ብቻውን ክብደት እንዲሸከምም አይተውም፤ ስሮትሎቹ ከሞተሩ ጋር በተያያዘ ደጋፊ ብረት መያዝ አለባቸው። ደጋፊው ከመኪናው አካል ጋር ከተያያዘ ግን ሞተሩ በጎማ መቀመጫው ላይ በተናወጠ ቁጥር ስሮትሎቹን ይጎትታቸዋል።

ኬብሉ በጥቂቱ የሚታለፍ ቢመስልም የደኅንነት ጉዳይ አለበት። ሞተር ሳይክል የሚከፍትና የሚዘጋ ሁለት ኬብል ሲኖረው መኪና አንድ ብቻ ስላለው፣ መዝጋቱ ሙሉ በሙሉ በሞላው ላይ ይወድቃል፤ ተጨማሪ ሞላ መግጠም ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ። ፔዳሉ የሚስበው ርዝመትና ስሮትሉ የሚፈልገው ርዝመት ካልተመጣጠኑ ደግሞ ወይ ቢራቢሮው ሙሉ በሙሉ አይከፈትም፣ ወይ ከተከፈተ በኋላ እግር ዘንጉን ይጠመዝዘዋል። የማዞሪያውን ክብ ማስፋት ወይም ለፔዳሉ ማቆሚያ መግጠም ያስተካክለዋል። ክቡን መጀመሪያ ላይ ቀስ ብሎ እንዲከፍት አድርጎ ማስቀረጽ ቀደም ሲል የተጠቀሰውን የፔዳል ድንገተኛነት ያለዝባል።

ነዳጁ

የሞተር ሳይክሉን ኢንጀክተር መጠቀም ይቻላል፤ ሆኖም መጠኑ መሰላት አለበት። 160 ፈረስ ጉልበት ከታሰበ እያንዳንዱ ሲሊንደር 40 ይደርሰዋል። አንድ ፈረስ ጉልበት በሰዓት ወደ 227 ግራም ቤንዚን ይፈልጋል ብለን፣ ኢንጀክተሩም ከጊዜው 85 በመቶ በላይ ክፍት እንዳይሆን ብንወስን፣ በደቂቃ ወደ 240 ሲሲ የሚያፈስ ኢንጀክተር ያስፈልጋል። የያዙት ኢንጀክተር ጥቂት ቢያንስ ግፊቱን ከ3 ባር ወደ 4 ባር ማሳደግ ፍሰቱን በ15 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ከዚያ በላይ የሚጎድል ከሆነ ኢንጀክተሩን መቀየር ይሻላል። ስሮትሎቹ ከተራራቁ የሞተር ሳይክሉ የነዳጅ ሐዲድ ስለማይመጥን አዲስ መሥራት ያስፈልጋል። የመኪናው ኢንጀክተር በቴስታታው አጠገብ መቆየት ከቻለ ይህ ሁሉ ይቀራል፤ እኔ ቆርጦ የመሥራቱን መንገድ የምመርጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ኮምፒዩተሩ

የመኪናው ነባር ኮምፒዩተር ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር በአንድ መለኪያ በኩል ያነባል። የመጀመሪያው ትውልድ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ባለ 1.6 ሊትር ሞተር ለምሳሌ በአየር ግፊት የሚከፈት ክዳን ያለው መለኪያ ነበረው። አራት ክፍት ጥሩምባዎች ሲገጠሙ ይህ መለኪያ የሚቀመጥበት የጋራ መስመር ስለሚጠፋ፣ ባለቤቱ ራሱ ሊያስተካክለው የሚችል ኮምፒዩተር መግዛት ከአማራጭነት አልፎ ግዴታ ይሆናል። ይህን ወጪ በዕቅዱ ውስጥ ያላስገባ ሰው የሞተር ሳይክሉ መንገድ ርካሽ ነው ሊል አይገባም።

አዲሱ ኮምፒዩተር የነዳጁን መጠን በሁለት መንገድ ሊወስን ይችላል። አንዱ የስሮትሉን ማዕዘንና የሞተሩን ዙር ብቻ ማንበብ ነው። ይህ መንገድ ካምሻፍቱ ኃይለኛ በሆነ ሞተር ላይ የማይናወጥ ምልክት ይሰጣል፤ ነገር ግን ስለ አየሩ ጥግግት የሚያውቀው ነገር የለም። በባሕር ጠለል ወደ 101 ኪሎ ፓስካል የሆነው የከባቢ አየር ግፊት በ2,400 ሜትር ከፍታ ወደ 76 ስለሚወርድ፣ የከባቢ አየር ግፊት ሴንሰር ያልተጨመረለት ኮምፒዩተር ቆላ ላይ ተስተካክሎ ደጋ ሲወጣ ከሚረጨው ነዳጅ ሩብ ያህሉ ትርፍ ይሆናል። ሌላው መንገድ የማኒፎልዱን ግፊት ማንበብ ነው። ይህ በቀላል እርግጫ ላይ ለስላሳ ቢሆንም፣ አራት ስሮትሎች ጥቂት እንደተከፈቱ ግፊቱ ወደ ውጪው አየር ስለሚጠጋ ከዚያ በኋላ ያለውን ልዩነት መለየት ያቅተዋል። ሁለቱን አዋሕዶ በዝቅተኛ ጭነት ግፊቱን፣ በከፍተኛ ጭነት ማዕዘኑን የሚጠቀም ኮምፒዩተር ለመንገድ መኪና ከሁሉም የተሻለው ነው፤ ሜጋስኩዌርትን የመሳሰሉ በሠሪዎች ዘንድ የታወቁ ኮምፒዩተሮች ለዚህ ዓይነት ማስገቢያ የተዘጋጀ አሠራር አላቸው።

ለግፊት ሴንሰሩና ለፍሬን ሰርቮው (በቫኪዩም የፍሬን እርግጫን የሚያግዘው ዕቃ) ከአራቱም ቱቦዎች ቀጫጭን መስመሮች ወጥተው በአንድ ትንሽ ክፍል መገናኘት አለባቸው። መስመሮቹ ከሰፉ ሲሊንደሮቹ እንደገና እርስ በርስ ይነካካሉ፣ አራት ስሮትል የመግጠሙ ትርጉምም ይጠፋል። ለሰርቮው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ቫልቭ መኖሩ መረጋገጥ አለበት። ካምሻፍቱ ኃይለኛ ከሆነ በሚኒሞ ላይ የሚገኘው ቫኪዩም ስለሚያንስ፣ ከመንገድ በፊት መኪናው ቆሞ ፍሬኑን ደጋግሞ ረግጦ ፔዳሉ እንደማይደርቅ መሞከር ያስፈልጋል።

ሌሎቹ መንገዶች

ለመኪና የተሠራ ስብስብ፣ ለምሳሌ ጄንቪ ከመሳሰሉ አምራቾች የሚገኘው፣ ማኒፎልዱን፣ የነዳጅ ሐዲዱንና ማገናኛውን ለታወቁ ሞተሮች አሟልቶ ይመጣል። ብዙዎቹ የዌበር ዲሲኦኢ ካርቡሬተርን የብሎን ልክ ስለሚከተሉ፣ ለዚያ ካርቡሬተር የተሠራ ማኒፎልድ ያለው አሮጌ ሞተርም ይቀበላቸዋል። የኮምፒዩተሩ ወጪ ግን እዚህም አይቀርም። የብየዳውንና የቶርኖውን ሥራ ለሌላ ሰው ከፍሎ ለሚያሠራ ባለ መኪና፣ ሁሉም ከተደመረ በኋላ ይህ መንገድ ከሞተር ሳይክሉ ያን ያህል ላይወደድ ይችላል፤ በዚህ ሁኔታ ውስጥ ላለ ሰው ያገለገለ ዕቃ እንዲፈልግ አልመክረውም።

የሞተር ሳይክል ካርቡሬተር ነዳጁን ያለ ኮምፒዩተር ስለሚለካ በኤሌክትሮኒክስ መድከም ለማይፈልግ ሰው ይስማማል፤ በቫኪዩም የሚነሣው ተንሸራታች ፒስተኑም ፔዳሉን ለስላሳ ያደርገዋል። ሆኖም ዲስትሪቢዩተር (ለካንዴላዎቹ እሳቱን የሚያከፋፍለው ዕቃ) በሌለው ሞተር ላይ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ የሚቆጣጠር ነገር አሁንም ያስፈልጋል። የመኪናው የኢንጀክሽን ፓምፕም ግፊቱ ለካርቡሬተር እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ መለወጥ አለበት። ከአሮጌ ካርቡሬተር ሞተር ለሚነሣ ሰው ጥሩ ምርጫ ነው፤ ኢንጀክሽን ያለውን ሞተር ወደ ኋላ ለመመለስ ግን ምክንያቱ አይታየኝም።

ነጠላውን ስሮትል ይዞ መቆየት ደግሞ መሸነፍ አይደለም። ተርቦ ለመግጠም የሚያስብ፣ የጭስ ምርመራ የሚጠብቀው፣ ወይም ረጅም መንገድ በጸጥታ መንዳት የሚወድ ሰው እዚያው ቢቆይ ይሻለዋል፤ የአራት ክፍት ጥሩምባዎች ድምፅ ለግማሽ ሰዓት ደስ የሚያሰኝ፣ ለአራት ሰዓት ግን የሚያደክም ነው።

ለሞተር ሳይክሉ መንገድ ለወሰነ ሰው የሥራው ቅደም ተከተል ከዕቃው ምርጫ ባልተናነሰ ወሳኝ ነው። አዲሱ ኮምፒዩተር መጀመሪያ ነባሩ ነጠላ ስሮትል ሳይነካ ይገጠም፤ ሞተሩ በእርሱ በትክክል መነሣቱ፣ ሴንሰሮቹ ትክክለኛ ንባብ መስጠታቸው፣ ካንዴላዎቹ በሰዓታቸው እሳት መስጠታቸው ይረጋገጥ። አራቱ ስሮትሎች የሚገጠሙት ከዚህ በኋላ ሲሆን፣ ያን ጊዜ የሚታይ ችግር ሁሉ ከአየሩ ወገን መሆኑ ስለሚታወቅ ፍለጋው አጭር ይሆናል። ነዳጁ ከመስተካከሉ በፊት አራቱ ቢራቢሮዎች በአየር ፍሰት መለኪያ ወይም በቫኪዩም ጌጅ ይመሳሰሉ። ባልተመሳሰሉ ስሮትሎች ላይ የኦክስጅን ሴንሰሩ የሚያነበው የአራቱን ሲሊንደሮች አማካይ ስለሆነ፣ ቁጥሩ ትክክል መስሎ እየታየ አንዱ ሲሊንደር ነዳጅ ሲያጥረው ሌላው ሊረጥብ ይችላል። የአየር ፊልትሮውም ከማስተካከያው በፊት መገጠም አለበት፤ ያለ ፊልትሮ የተስተካከለ ሞተር ፊልትሮው ሲገባ አየሩ ስለሚለወጥ፣ የዳይኖው (የሞተሩን ጉልበት የሚለካው ማሽን) ሥራ በከፊል እንደገና ይጀመራል።